ጃፓን ሄዶ የየክፍለ ሀገሩን ምግብ መብላት፦ ከዝግጅት እስከ ሒሳብ ደረጃ በደረጃ

ጃፓን ደርሰው ከመጡ ሰዎች የምሰማው ታሪክ ተመሳሳይ ነው። አሥር ቀን ቆይተዋል፣ ሦስት ከተማ አይተዋል፤ የበሉት ግን የሱቅ ሩዝና የለመዱትን በርገር ነው። አንዱ ሴንዳይ አድሮ የከተማዋን የበሬ ምላስ ሳይቀምስ ተመለሰ። እኔም ኡዶን ለሚባለው ወፍራም የስንዴ ኑድል ብዬ ታካማትሱ ስደርስ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። የመረጥኩት ቤት የቀኑን ኑድል ጨርሶ ዘግቷል። ሁለተኛውም እንደዚያው።

የሚያስቸግረው ምግቡ አይደለም። ሰዓቱ፣ ወረፋው፣ የትኬት ማሽኑ እና ሾርባው ውስጥ የማይታየው ነገር ነው። ሁሉም ቀድሞ ከታወቀ ቀላል ነው።

ከመጀመራችን በፊት ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልበል። እዚህ የጻፍኩት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። ጃፓን ውስጥ በር ላይ የሚለጠፈው ግን በ24 ሰዓት ነው። 11:30 የሚለው ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ነው። 14:00 ከቀኑ 8 ሰዓት፣ 17:00 ደግሞ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። መጠጥ ቤት በር ላይ 25:00 የሚል ካያችሁ ስህተት አይደለም፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ ክፍት ነን ማለታቸው ነው።

ደረጃ 1፦ የማትበሉትን በጃፓንኛ ጽፋችሁ ያዙ

ይህንን ከአገር ሳትወጡ ጨርሱ። እዚያ ደርሶ፣ ርቦ፣ ወረፋ ላይ ቆሞ የሚሠራ ነገር አይደለም።

*አሳማ የማትበሉ ከሆነ።* አሳማ በሥጋ መልክ ብቻ አይመጣም። ራመን የሚባለው ኑድል በሾርባ ነው፤ የብዙው ሾርባ የአሳማ አጥንት ነው። የኦኪናዋ ሶባ የሚባለው ኑድል ሾርባም አሳማ አለበት። በሊጥ የሚጠቀለለው የግዮዛ ሙሌት አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው። ካሪ ውስጥ የአሳማ ስብ ሊኖር ይችላል። ሰላጣ ላይ ቤከን ወይም ሃም ተበትኖ ይመጣል። ሙስሊም ለሆናችሁ ደግሞ ሳኬና ሚሪን የተባሉት አልኮል ያለባቸው የማብሰያ መጠጦች አሉ። በጣም ብዙ ስጎ ውስጥ ይገባሉ።

*በጾም ዓሣ የማትበሉ ከሆነ።* ትልቁ መሰናክል ዳሺ ነው። ዳሺ የጃፓን ወጥ ቤት መሠረት የሆነ መረቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከደረቀና ከተፈቀፈቀ ቦኒቶ ዓሣ፣ ወይም ከደረቁ ትንንሽ ዓሦች፣ ወይም ኮምቡ ከሚባል የባሕር ቅጠል ነው። አትክልት ብቻ የሚታይበት የሚሶ (የተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ) ሾርባ በዓሣ ዳሺ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የተቀቀለው ቆስጣም፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ ላይ የፈሰሰውም እንዲሁ። ዓይን አይለየውም፤ መጠየቅ የግድ ነው።

*የፈረስ ሥጋ።* ኩማሞቶ ከሄዳችሁ ባሳሺ የሚባል ጥሬ የፈረስ ሥጋ አለ። ሲቀርብ ደማቅ ቀይ ነው፤ ጥሬ ሥጋ ለለመደ ዓይን የበሬ ይመስላል። ምናሌ ላይ "ሳኩራ" የሚል ስም ሊኖረው ይችላል። የአበባው ስም ነው፣ ሥጋው ግን ፈረስ ነው።

ካርዱን እንዲህ አዘጋጁ፦

1. "ቬጀቴሪያን ነኝ" ብላችሁ አትጻፉ። ብዙ ቦታ ዓሣ ይፈቀዳል ብለው ይረዱታል።
2. "ሥጋ አልበላም" ብቻም አይበቃም። ሥጋ፣ በጃፓንኛ ኒኩ፣ በኦሳካና በኪዮቶ አካባቢ ብዙ ጊዜ የበሬ ሥጋ ማለት ነው። ሂሮሺማ ኦኮኖሚያኪ (ጎመን ያለበት፣ በምጣድ የሚጋገር ቂጣ) ቤት ውስጥ ደግሞ ያው ኒኩ አሳማ ነው።
3. እያንዳንዱን ነገር በስሙ ዘርዝሩ። የአሳማ ሥጋ፣ የአሳማ አጥንት ሾርባ፣ የአሳማ ስብ፣ ቤከን፣ ሃም። ለጾም ደግሞ ሥጋ፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፣ የዓሣ ዳሺ።
4. በስልክ መተርጎሚያ ወደ ጃፓንኛ ቀይሩት። ከዚያ ጃፓንኛውን መልሳችሁ አስተርጉሙት። ትርጉሙ ከተዛባ ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሩ።
5. ጃፓን ስትደርሱ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ እንዲያነበው ጠይቁ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ ከብዙ ስህተት ያድናል።
6. በወረቀት አትሙት። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል።

ካርዱን የምታሳዩት *ከመቀመጣችሁ በፊት* ነው። አስተናጋጁ ሁለት እጁን ወይም ሁለት ጣቱን በመስቀል ምልክት ካጣመረ "አይሆንም" ማለቱ ነው። ቁጣ አይደለም። የምትበሉት ነገር እንደሌለ በሐቀኝነት እየነገራችሁ ነው። ጎንበስ ብላችሁ አመስግኑና ወደ ሁለተኛ ምርጫችሁ ሂዱ።

ማስጠንቀቂያ፦ "እዚያ ብቸገር" ብላችሁ ቋንጣ፣ ዶሮ ወጥ ወይም ማንኛውንም የሥጋ ነገር ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። ጃፓን ከውጭ የሚገባ ሥጋ ላይ ቁጥጥሯ ጥብቅ ነው፤ ቅጣቱም ከባድ ነው።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ አካባቢ፣ ቀጥሎ አንድ ምግብ

ጃፓን 47 ክፍለ ሀገር አላት፤ እያንዳንዱ በራሱ ምግብ ይኮራል። ሁሉን ልቅመስ ያለ ባቡር ላይ ይውላል። በአሥር ቀን ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት አካባቢ ያዙ። ለእያንዳንዱ ከተማ አንድ ዋና ምግብና አንድ መጠባበቂያ ወስኑ። ሁለቱንም ቤቶች ስልካችሁ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉባቸው።

ለእኛ አፍ ይስማማሉ የምላቸው እነዚህ ናቸው።

*ሴንዳይ፦ የበሬ ምላስ።* ከቶኪዮ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በአማርኛ ሲጠራ ያስፈራል እንጂ ወፈር ተደርጎ ተቆርጦ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ ከሰል ላይ የተጠበሰ የበሬ ሥጋ ነው። ገብስ ከተቀላቀለበት ሩዝና ከበሬ ጭራ ሾርባ ጋር ይመጣል። ሳህኑ ጥግ ላይ በሚሶ የተዘፈዘፈ ቃሪያ አለ። ሚጥሚጣ ለናፈቀው ሰው እሱን ነው የምጠቁመው። ባቡር ጣቢያው 3ኛ ፎቅ ላይ የምላስ ቤቶች የተደረደሩበት መተላለፊያ አለ፤ የሚቸኩል ሰው ከጣቢያው ሳይወጣ ይበላል።

*ሳፖሮ፦ ጂንጊስካን።* የበግ ሥጋ ነው፤ ጃፓን ውስጥ በግ በቀላሉ የሚገኘው ሳፖሮ ባለችበት በሆካይዶ ደሴት ነው። መሃሉ ቆብ መስሎ ያበጠ የብረት ምጣድ ጠረጴዛችሁ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ በቀረበላችሁ ስብ ጉብታውን አሹት። ሽንኩርቱንና ሌላውን አትክልት ዙሪያውን ደርድሩ። ሥጋውን ከላይ ጉብታው ላይ አድርጉ። ስቡ እየወረደ አትክልቱን ያበስለዋል። ስቡ የምን እንደሆነ ጠይቁ። በግ ስለሆነ ብቻ ሀላል ነው ማለትም አይደለም። ካፖርታችሁን ላስቲክ ውስጥ አስቀምጡ፤ ጭሱ ለቀናት አይለቅም።

*ናጎያ፦ ሂትሱማቡሺ።* የተጠበሰ ኢል፣ ማለትም እባብ የሚመስል ረጅም ዓሣ፣ ተቆራርጦ ሩዝ ላይ ይቀርባል። ዝም ብላችሁ አትጀምሩት። በማንኪያው አራት ቦታ ክፈሉት። የመጀመሪያውን ድርሻ እንዳለ ብሉ። ሁለተኛውን ከሽንኩርት ቅጠልና ከዋሳቢ (የሚያቃጥል አረንጓዴ ማጣፈጫ) ጋር። ሦስተኛው ላይ መረቁን ወይም ሻዩን አፍስሱ። አራተኛውን ከሦስቱ በወደዳችሁት መንገድ ጨርሱ።

*ፉኩኦካ፦ ሚዙታኪ።* ከተማዋ የታወቀችው በአሳማ አጥንት ራመን ነው። ያንን የማትበሉ ከሆነ የዶሮ ድስት የሆነውን ሚዙታኪ ያዙ። መጀመሪያ መረቁን ብቻ በትንሽ ጨው ጠጡ፣ ቀጥሎ ዶሮውን፣ ከዚያ አትክልቱን። መጨረሻ ላይ በቀረው መረቅ ሩዝ ይሠራላችኋል። ሆዳችሁን ለሱ አስቀሩ። ራመን የምትበሉ ደግሞ ኑድሉ ሲያልቅ ሾርባውን አትጨርሱ፤ "ካኤዳማ" በሉ፣ ተጨማሪ ኑድል ይመጣል።

*ታካማትሱ፦ ኡዶን።* እሱን ከታች ለብቻው እመለስበታለሁ።

ወቅቱንም ተመልከቱ። እዚህ ክረምት የምለው የጃፓንን የብርድ ወቅት፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ገደማ ያለውን ነው፤ ጸደይ ከማርች እስከ ሜይ፣ መከር ደግሞ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ነው። በጃፓን ባሕር በኩል፣ ካናዛዋን ጨምሮ፣ የክረምቱ ሸርጣን ማጥመድ የሚከፈተው ኖቬምበር 6 ነው። በነሐሴ ሄዶ ትኩስ ሸርጣን መጠየቅ ዋጋ የለውም። የቶያማ ብርሃን የሚሰጠው ትንሹ ስኩዊድ የጸደይ ነው። የሂሮሺማ ኦይስተር፣ ዛጎል ውስጥ የሚኖረው የባሕር ምግብ፣ የክረምት ነው። የኮቺ ቦኒቶ፣ በገለባ እሳት ላዩ ብቻ ተለብልቦ የሚቀርበው፣ በጸደይና በመከር ይመጣል።

ከቶኪዮ የማትወጡ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ። ጊንዛ፣ ዩራኩቾና ኒሆንባሺ አካባቢ ክፍለ ሀገሮቹ ራሳቸው የከፈቷቸው ሱቆች አሉ፤ አንዳንዶቹ ውስጥ ተቀምጦ መብላትም ይቻላል። ቶኪዮ ጣቢያ ውስጥ ደግሞ ከመላ አገሪቱ የመጣ ኤኪቤን፣ የባቡር ምሳ ሳጥን፣ ይሸጣል። የሴንዳዩን የምላስ ሳጥን ክሩን ስትስቡት ራሱ ይሞቃል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት እንጂ ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ አትሳቡት። ረጅም መንገድ በሚሄድ ፈጣን ባቡር ውስጥ መብላት የተለመደ ነው። በከተማ ባቡር ውስጥ ግን አይበላም።

ደረጃ 3፦ ቀኑንና ሰዓቱን አስሉ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ትንንሽ ምግብ ቤቶች ቀኑን ሙሉ አይከፍቱም። ምሳ በግምት ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ነው። ከዚያ ዘግተው ያርፋሉ፣ ያዘጋጃሉ። እራት ከ11 ሰዓት ወይም ከ11 ሰዓት ተኩል ይጀምራል። በ9 ሰዓት ርቧችሁ ብትወጡ የምታገኙት በአብዛኛው ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸውን የሰንሰለት ምግብ ቤቶች ነው።

የመዝጊያ ሰዓት ማለት የማዘዣ ሰዓት ማለት አይደለም። "ራስቶ ኦዳ" የሚሉት የመጨረሻ ማዘዣ ብዙ ጊዜ ከመዝጊያው 30 ደቂቃ ይቀድማል። ለ8 ሰዓት አሥር ጉዳይ የደረሰ ሰው አይስተናገድም።

ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን አላቸው፤ ቀኑ ከቤት ቤት ይለያያል። ካርታው ላይ ክፍት ቢልም የቤቱን የራሱን ገጽ አረጋግጡ። ከዲሴምበር 29 እስከ ጃንዋሪ 3 ባለው ጊዜ ብዙ የአካባቢ ቤቶች ይዘጋሉ። በኦገስት አጋማሽ፣ እንዲሁም ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ባለው የበዓል ሳምንት አገሬው ራሱ ስለሚጓዝ ወረፋው ይረዝማል።

ምሳን ዋና ምግባችሁ አድርጉት። በብዙ ጥሩ ቤቶች ያው ወጥ ቤት የሚያወጣው ምሳ ከእራቱ በጣም ይረክሳል። ቤቱ ከመከፈቱ ሃያ ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ቁሙ። ማታ ደግሞ የትላልቅ መደብሮች ምድር ቤት ጎራ በሉ። ለመዝጋት አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው የተሠራ ምግብ ላይ የቅናሽ ወረቀት መለጠፍ ይጀምራሉ።

ደረጃ 4፦ ጥሬ ገንዘብ

ገጠር ስትወጡ ካርድ የማይቀበል ቤት ብዙ ነው። በቀን ለአንድ ሰው ለማውጣት የምታስቡትን ያህል የን፣ የጃፓን ገንዘብ፣ በጥሬው ያዙ፤ አብዛኛውን በባለ 1000 አድርጉት። ሴቨን ኢለቨን ሱቆች ውስጥ ያሉት ኤቲኤሞች የውጭ ካርድ ይቀበላሉ።

በጁላይ 2024 አዳዲስ የገንዘብ ኖቶች ወጥተዋል። ያልታደሱ የትኬት ማሽኖች አዲሱን ኖት መልሰው ይተፉታል። ማሽኑ ብራችሁን ከመለሰ ደጋግማችሁ አትግፉት። ለሠራተኛው አሳዩት፣ ይቀይርላችኋል። ሳንቲም ማጠራቀምም ይጠቅማል፤ በተለይ ባለ 100 የን። አዲሱን ባለ 500 የን ሳንቲም ግን የማይቀበሉ ማሽኖች አሉ።

ደረጃ 5፦ በሩ ላይ

1. በሩ ላይ የተንጠለጠለውን አጭር መጋረጃ እዩ። ኖረን ይባላል። ውጭ ከተሰቀለ ክፍት ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተዘግቷል፤ ውስጥ መብራትና ሰው ብታዩም አትግቡ።
2. በሩ አጠገብ የስም መመዝገቢያ ወረቀት ካለ ስማችሁንና የሰዎቹን ቁጥር ጻፉ። ሳትጻፉ ሁለት ሰዓት ብትቆሙ ማንም አይጠራችሁም። ስም አጠራር ስለሚያስቸግራቸው አጭር ስም ስጡ፤ "ገብረእግዚአብሔር" ከሆናችሁ "ገብሬ" በሉ።
3. ሁላችሁም አብራችሁ ቁሙ። አንድ ሰው ቆሞ ለአምስት ሰው ወረፋ መያዝ ነውር ነው።
4. ስትገቡ ስንት እንደሆናችሁ በጣት አሳዩ፤ እስኪያስቀምጧችሁ ጠብቁ። ባዶ ወንበር ስላያችሁ ሄዳችሁ አትቀመጡ።
5. ካርዳችሁን አሁን አሳዩ።

ብዙ ሆናችሁ የምትጓዙ ከሆነ ይህንን አስቡበት። ብዙ ጥሩ ቤቶች ስምንት ወይም አሥር ወንበር ብቻ ነው ያላቸው። ስድስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተከፈሉ፤ ካልሆነ ቀድማችሁ በሆቴሉ በኩል ቦታ አስይዙ። አስይዞ መቅረት ግን ትልቅ በደል ነው። ለእናንተ ብቻ የተገዛ ዓሣ ይጣላል።

ደረጃ 6፦ የትኬት ማሽን

ራመን ቤትና ርካሽ ምሳ ቤት በር ላይ ሳጥን የሚያክል ማሽን ታገኛላችሁ። እሱን አልፎ የተቀመጠ ሰው ምግብ አያገኝም።

1. ከጎን ቁሙና ስልካችሁን አውጡ። የስልኩን የካሜራ መተርጎሚያ ቁልፎቹ ላይ አዙሩ። ከኋላችሁ ሰው ካለ አሳልፉት።
2. በብዙ ማሽኖች ገንዘቡ ይቀድማል። ብር ሳታስገቡ ቁልፉ አይበራም።
3. ካልገባችሁ ከላይ በግራ ጥግ ያለውን ተጫኑ። ብዙ ጊዜ የቤቱ ዋና ምግብ እሱ ነው። አሳማ የማትበሉ ግን ይህንን በጭፍን አታድርጉት።
4. ትኬቱን ውሰዱ። መልሱ ካልወረደ የመልስ ማንሻውን ግፉ። መልስ ረስቶ መሄድ የተለመደ ስህተት ነው።
5. ተቀምጣችሁ ትኬቱን ባንኮኒው ላይ አድርጉ።

የተሳሳተ ቁልፍ ከተጫናችሁ ትኬቱን ከመስጠታችሁ በፊት ለሠራተኛው አሳዩና "ሱሚማሰን" (ይቅርታ) በሉ። ብዙዎች ገንዘቡን ይመልሳሉ። ምግቡ መሠራት ከጀመረ በኋላ ግን አይሆንም።

ደረጃ 7፦ ጠረጴዛው ላይ

እርጥቡ ፎጣ ለእጅ ነው። ውሃ ወይም ሻይ ነጻ ነው።

ኢዛካያ፣ ማለትም መጠጥና ምግብ ቤት፣ ስትገቡ ያላዘዛችሁት ትንሽ ሳህን ይመጣል። ኦቶሺ ይባላል፤ ሒሳቡ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ጥቂት መቶ የን ይጨመራል። ማጭበርበር አይደለም፤ የወንበር ክፍያ በሉት። የማትበሉት ነገር ከሆነ ካርዱን አሳዩ፤ ብዙ ጊዜ ይቀይሩታል።

ሱሺ በሚዞር ቀበቶ ላይ በሚቀርብበት ቤት ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ቧንቧ አለች። ስትጫኗት የሚወርደው የፈላ ውሃ ነው፣ ለሻይ። እጃችሁን እንዳትታጠቡባት። ከልጅ ጋር ከሆናችሁ ልጁን ከቧንቧው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

አሁን ወደ ቾፕስቲክ። ሁለት ነገር ፈጽሞ አታድርጉ። ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትትከሉት። ምግብ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ አታቀባብሉ። ሁለቱም የቀብር ሥርዓት ናቸው፤ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰብ አጥንቱን የሚያነሣው በሁለተኛው መንገድ ነው። ይህ እኛን በተለይ ይመለከተናል፣ ምክንያቱም እጃችን ጉርሻ ለምዷል። አጠገቤ የተቀመጠች ጓደኛዬ ጥሩ የምላስ ቁራጭ አንሥታ "እንካ ቅመስ" ስትለኝ እኔም በቾፕስቲኬ ልቀበላት ስዘረጋ ባንኮኒው ውስጥ ያሉት አዛውንት እጃቸውን አርገበገቡ። ከዚያ ትንሽ ባዶ ሳህን መሃላችን አስቀመጡልን። ፍቅራችሁን በሳህን አስተላልፉ፦ አስቀምጡለት፣ እሱ ያንሣ።

ቾፕስቲክ አልሆን ካላችሁ አትጨነቁ። ሱሺና ኦኒጊሪ (በእጅ የተድቦለቦለ ሩዝ) በእጅ ይበላል፤ ነውር የለውም። ኑድል ደግሞ ድምፅ እያሰሙ መሳብ ይፈቀዳል። ያደግንበት ሥርዓት ሌላ ቢሆንም እዚያ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም።

ደረጃ 8፦ የታካማትሱ ኡዶን፣ ከትሪ እስከ ትሪ

ካጋዋ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። ከኦካያማ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ብዙዎቹ ቤቶች ራስን በራስ ማስተናገድ ናቸው፤ ማንም ጠረጴዛ ላይ አይመጣላችሁም። ጠዋት ሂዱ። ኑድሉ ካለቀ ሰዓት ሳይደርስም ይዘጋል።

1. ትሪ አንሡና ሰልፉን ተከተሉ።
2. መጠን ይጠይቋችኋል። "ሾ" ትንሹ ነው፣ ብዙ ጊዜ አንድ ድብልብል ኑድል። ሾ ያዙ። ትንሽ የሚለው ቃል አያታላችሁ፤ ይሞላል። ደግሞም ሁለት ሦስት ቤት መቅመስ ነው የሚያዋጣው።
3. አዘገጃጀቱን ምረጡ። ካኬ በሙቅ መረቅ ነው። ቡካኬ ጠንከር ያለ ጥቂት ስጎ የፈሰሰበት ነው። ካማታማ ትኩስ ኑድል ከጥሬ እንቁላል ጋር የተማሰለ ነው።
4. አንዳንድ ቤት ኑድሉን በጎድጓዳ ሳህን ይሰጧችኋል፤ ማሞቅ የእናንተ ሥራ ነው። እጀታ ባለው ወንፊት አድርጋችሁ የፈላው ውሃ ውስጥ አሥር አሥራ አምስት ሰከንድ ንከሩት፣ አራግፉት፣ መልሱት። አታቆዩት፤ ይሟሟል።
5. ቀጥሎ የተደረደረ ቴምፑራ፣ በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ምግብ፣ ታያላችሁ። በመቆንጠጫው አንድ ወይም ሁለት አንሡ።
6. ክፈሉ።
7. መረቁን ከቧንቧው ወይም ከድስቱ ቅዱ። የሽንኩርት ቅጠልና ዝንጅብል ጨምሩ።
8. ቶሎ ብሉ። ሲጨርሱ ትሪውን ወደ መመለሻው ውሰዱ፤ ወንበር አትያዙ።

ለጿሚ፦ የካጋዋ መረቅ ከትንንሽ የደረቁ ዓሦች ነው የሚሠራው፣ የቴምፑራውም ሊጥ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል አለበት። ኑድሉ ራሱ ግን ዱቄት፣ ጨውና ውሃ ነው። ስለዚህ መረቁን ተዉትና "ኪጆዩ" ብላችሁ እዘዙ፤ ኑድሉ ላይ ንጹሕ አኩሪ አተር ስጎ ብቻ ጠብ ይደረጋል። ጠርሙሱ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ፣ ዳሺ የተቀላቀለበት ስጎም አለ። በዝንጅብልና በሽንኩርት ቅጠል ሲበላ ከመረቁ ያልተናነሰ ይጣፍጣል።

ደረጃ 9፦ በጾም ከሄዳችሁ ኮያ ተራራ እደሩ

ጾም ላይ ላለ ሰው ከጃፓን ሁሉ የምመርጥለት ቦታ ይህ ነው። ኮያሳን በዋካያማ ክፍለ ሀገር ያለ የቡድሂስት ገዳማት ተራራ ነው። ሃምሳ ያህሉ እንግዳ ያሳድራሉ። የሚያቀርቡት ሾጂን ርዮሪ የሚባል የመነኮሳት ምግብ ነው። ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፤ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። መረቁ ከኮምቡና ከደረቀ እንጉዳይ ነው። ከሰሊጥ የተሠራውን ቶፉ ሲያቀርቡላችሁ ቀስ ብላችሁ ብሉት፤ ከአፍ ውስጥ እንደ ቅቤ ይቀልጣል።

እንዲህ አድርጉ፦ ቦታውን ከሳምንታት በፊት አስይዙ። ከኦሳካ ናምባ ጣቢያ በናንካይ ባቡር እስከ ጎኩራኩባሺ ሂዱ፣ ከዚያ በገመድ ባቡር ውጡ። ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ግቡ፣ እራቱ በጊዜ ነው የሚቀርበው። ዘግይቶ ለደረሰ ሰው ምግብ አይቆይም። ቁርሱም ከንጋቱ ጸሎት በኋላ በማለዳ ነው።

በተራ ርዮካን፣ የባህል ማደሪያ፣ ለምታድሩም ይህ ሕግ ይሠራል። እራቱ ለእናንተ ተብሎ ቀድሞ ስለሚዘጋጅ የማትበሉትን ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ጽፋችሁ ላኩ። በዕለቱ ማታ "አሳማ አልበላም" ማለት ወጥ ቤቱንም እናንተንም ያስጨንቃል።

ደረጃ 10፦ ሒሳብ

ሒሳብ ብዙ ቦታ በር አጠገብ ነው የሚከፈለው። ጠረጴዛ ላይ የተተወላችሁን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ገንዘቡን እጅ ውስጥ ሳይሆን ትንሿ ትሪ ላይ አስቀምጡ። ጉርሻ አትተዉ፤ እየሮጡ ይመልሱላችኋል። ስትወጡ "ጎቺሶሳማ" በሉ። እንደኛ "እጃችሁ ይባረክ" ዓይነት ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ይሰማል።

ነገሩ ሲበላሽ

*ሁለቱም ቤት ተዘግቷል።* የባቡር ጣቢያው ሕንፃ ውስጥ ግቡ። ከሰዓት በኋላም የማይዘጉ የአካባቢውን ምግብ የሚሸጡ ቤቶች እዚያ ይገኛሉ።

*የማትበሉት ነገር ገብቶ መጣ።* አትንኩት። ካርዱን አሳዩና ወደ ሳህኑ ጠቁሙ። ከቀመሳችሁ በኋላ መመለስ አስቸጋሪ ነው።

*አለርጂ ተነሣ።* በተለይ ተራው የሶባ ኑድል የሚሠራበት ባክዊት የተባለ እህል የማይስማማው ሰው አለ፤ ያው ማሰሮ ውስጥ ኡዶንም ሊቀቀል ይችላል። አምቡላንስ በ119 ይጠራል። ካርዱ ላይ ይህንን ቁጥርና የሚወስዱትን መድኃኒት ጻፉ።

*ምንም አልተገኘም፣ መሽቷል።* ኮንቢኒ፣ የ24 ሰዓት ሱቅ፣ ግቡና ኦኒጊሪ ግዙ። ኡሜ የጎመዘዘ ፕለም ነው፣ ኮምቡ የባሕር ቅጠል ነው። ማጣፈጫው ውስጥ ዓሣ ሊኖር ስለሚችል ጾመኛ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ በካሜራ ያስተርጉም። ላስቲኩ ላይ 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር አለ። 1ን ከላይ ወደ ታች ሳቡት፣ ዙሩን ይጨርስ። ከዚያ 2ን ወደ ጎን፣ 3ንም ወደ ሌላው ጎን። በቅደም ተከተሉ ካደረጋችሁት ጥቁሩ የባሕር ቅጠል ሳይቀደድ፣ እንደደረቀ፣ ሩዙን ጠቅልሎ እጃችሁ ላይ ይቀራል።